ስህተት ስንት ያወጣል? ስለ «ኢኒሻል ዲ» እና ስለ አሮጌ የስፖርት መኪና



በዚህ ገጽ ላይ ያየነውን ፊልም ወይ ያነበብነውን መጽሐፍ እያነሳን የመሰለንን እንጽፋለን። ብዙዎቻችሁ ስለ ቱርክ ድራማ ጽፋችኋል፣ ስለ ሀገራችን ፊልምም ጽፋችኋል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ መኪና ነው። «መኪና ደግሞ ለእኛ ምናችን ነው? እኛ የምናውቀው ከኤርፖርት ወስዶ ሰው ቤት ያራገፈንን ብቻ ነው» የምትል እንደማትጠፋ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ እል ነበር። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ፍረዱ።

ያየሁት «ኢኒሻል ዲ» የሚባል የጃፓን ካርቱን ነው። መጀመሪያ የወጣው በሥዕል መጽሐፍ ነበር። ሹይቺ ሺጌኖ የሚባል ሰው ከ1995 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ እየሣለ 48 ቅጽ አድርሶታል። በቴሌቪዥን ደግሞ የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1998 በ26 ክፍል ወጣ። እኔ ያየሁት ልብስ እየተኮስኩ ነው። የአሰሪዬ ትልቁ ልጅ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ማታ ማታ ሳሎን ተጋድሞ ያያል፣ እኔ ከኋላው ቆሜ የቤቱን ሁሉ ካንዱራና ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ከታች የሚያልፈውን እንግሊዝኛ በአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ እከተላለሁ። ሲያመልጠኝ እሱ በዓረብኛ ይነግረኛል። መጀመሪያ ላይ ዝም ብዬ ነበር የማየው። በአራተኛው ማታ ግን ካውያውን ረስቼ አንድ ሸሚዝ ልፈጀው ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታኩሚ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አለ። አባቱ ቡንታ የቶፉ ሱቅ አለው። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ እንደ አይብ የሚመስል፣ ትንሽ ሲነካ የሚፈርስ ምግብ ነው። ልጁ ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ ተራራ ላይ ወዳለ ሆቴል ቶፉ ያደርሳል። የሚነዳው ያረጀ ቶዮታ ነው፤ «ኤኢ 86» ይሉታል፣ ነጭና ጥቁር ቀለም ያለው፣ በሩ ላይ የሱቁ ስም የተጻፈበት። ይህን ሥራ የጀመረው ገና በ13 ዓመቱ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ነው። አባቱ ውሃ የሞላ ኩባያ መኪናው ውስጥ ያስቀምጥለታል። ውሃው ከፈሰሰ ቶፉውም ፈርሷል ማለት ነው። ልጁ መንዳት አይወድም፤ ለእሱ ሥራ ነው። አንድ ቀን ግን ውድ ውድ መኪና ይዘው ተራራው ላይ የሚወዳደሩ የሀብታም ልጆች ይመጣሉ። ያ የቶፉ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ያልፋቸዋል። ማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልናገር። የውሃው ኩባያ እውነት ነው። አሥራ አምስት እንግዳ ባለበት ሳሎን ውስጥ ሻይ የሞላ ኢስቲካን በትሪ ይዛችሁ የገባችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ስትዞሪ ቀድመሽ ትቀንሻለሽ፤ እየዞርሽ አትቆሚም። መነሻውም መቆሚያውም ቀስ ያለ ነው፣ መሐሉ ግን ፈጣን ነው፤ እንግዳ አይጠብቅማ። መኪናም እንደዚያው ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ሲታጠፍ ወደ ጎን ያዘነብላል። ጎማ መሬቱን የሚይዝበት አቅም ልክ አለው። ያንን አቅም በሙሉ ለፍሬን ከጨረስሽው ለመታጠፊያ የሚቀር የለም፤ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን ነገር ታኩሚ በትምህርት ቤት አልተማረውም፣ ጠዋት ጠዋት በሥራ ነው የተማረው። ሥራ ያስተምራል፣ የሚሠራ ሰው ራሱ ሳያውቀው ባለሙያ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ልቤን ነካው። ስድስት ዓመት ትሪ ተሸክሜ አንድም ሰው ይህ ሙያ ነው ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ቅሬታዬ። ካርቱኑ «ድሃ ልጅ በአሮጌ መኪና ሀብታሞችን አሸነፈ» ይለናል። ልብ ብላችሁ ስታዩት ግን ልጁ ለመኪናው ምንም አልከፈለም። መኪናው የአባቱ ነው። አባቱ ራሱ በዚያ ተራራ ላይ የሚፈራ ነጂ የነበረ ሰው ነው። መኪናውን የሚያስተካክለው አባቱ ነው፣ መቼ ምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቀውም አባቱ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ልጁ ሲወዳደር ሞተሩ ይፈነዳበታል። እኔ «በቃ፣ አለቀለት» ብዬ ደነገጥኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? አባቱ ለውድድር የተሠራ ሞተር አምጥቶ ገጠመለት። እህቶቼ፣ ይህ ድህነት ነው? መኪና፣ መምህርና ሞተር በነጻ ያገኘ ልጅ ነው። ጎበዝ አይደለም አላልኩም። ጉብዝናው ብቻውን ግን አላቆመውም። ሲሳሳት የሚከፍልለት ሰው ነበረው። ካርቱኑ ይህን ያሳያል እንጂ አይናገረውም፤ የእኔ ትችትም ከዚህ ይነሳል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የቤቱ ልጅ ነው። ካርቱኑን አይቶ ሲጨርስ «መኪና እገዛለሁ፣ ሰኺር ሄጄ መንዳት እማራለሁ» አለ። ባሕሬን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ሰኺር በረሃው ውስጥ ትልቁ የመኪና ውድድር መስክ ያለበት ነው። በ2004 ተከፍቶ በዚያው ዓመት የፎርሙላ ዋን ውድድር አስተናገደ፤ በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ዙሩ 5.412 ኪሎ ሜትር ነው፣ 15 ኩርባ አለው። ዓለም አቀፍ ውድድር በሌለ ጊዜ የራሱን መኪና ይዞ የሄደ ሰው ከፍሎ የሚነዳባቸው ምሽቶች አሉት።

ልጁ የፈለገው ያንኑ የካርቱኑን ቶዮታ ነው። ያ መኪና ከ1983 እስከ 1987 የተሠራ ነው፤ 1.6 ሊትር ሞተር አለው፣ የሚገፋው በኋላ ጎማ ነው፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን በታች ነው። በጊዜው ተራ ሰው የሚገዛው መኪና ነበር። አሁን ግን ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ዋናው ምክንያት ደግሞ ይኸው ካርቱን ነው። ይገርማል አይደል? ርካሽ መኪና ይበቃል ብሎ የሰበከ ሥራ ያንኑ ርካሽ መኪና አስወደደው። አድናቂው ትምህርቱን ትቶ ዕቃውን ገዛ። ልጁም መጀመሪያ የሠራው ስህተት ይህ ነበር።

የእናቱ ወንድም፣ ልጆቹ ኻሊ የሚሉት፣ መስኩ ላይ ብዙ ዓመት የነዳ ሰው ነው። ሦስት ማታ መጥቶ ከልጁ ጋር ተከራከረ። ሻይ እያመላለስኩ ሰማሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሦስተኛው ማታ ላይ ሻዩ ሳያልቅ ነበር የምመላለሰው። ካርቱኑ ያልነገረኝን እሱ ነገረኝ። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ለምን እንደሚጠቅም በኋላ ታያላችሁ።

አንደኛ፣ «ያለህን ብር ሁሉ ለመኪናው አትስጥ» አለው። ሲሶውን አስቀር። መስክ ላይ የሚነዳ መኪና ጎማና የፍሬን ሸራ ይበላል፣ ዘይት ይፈልጋል። በሙሉ ገንዘብህ የገዛኸው መኪና በሁለተኛው ወር ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ ይጠጣል።

ሁለተኛ፣ ለተማሪ ጉልበተኛ መኪና አይሆንም። ልጁ አንድ አሮጌ የጀርመን መኪና አግኝቶ ነበር፤ ጉልበቱ ብዙ፣ ዋጋው ትንሽ። ኻሊ ሳቀበት። «ይህ መኪና ርካሽ የሆነው ባለቤቱ መጠገን ስላቃተው ነው። ሲገዛ ርካሽ ነው፣ ዕቃው ግን የአዲስ መኪና ዕቃ ዋጋ ነው» አለው። ደግሞም ጉልበት ስህተትን ይደብቃል። ኩርባው ላይ ያጠፋኸውን ቀጥታው ላይ በሞተር ታካክሰዋለህ፣ ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል። ደካማና ቀላል መኪና ግን አይዋሽልህም። ኩርባው ላይ ከተሳሳትክ እስከ ቀጣዩ ኩርባ ድረስ ታለቅሳለህ።

ሦስተኛ፣ ዕቃው በየቦታው የሚገኝ መኪና ምረጥ። ሁለት አቀረበለት። አንዱ በ2012 የወጣው ቶዮታ 86 ነው፤ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከካርቱኑ መኪና ነው፣ ባለ 2 ሊትር ሞተርና 200 የሚሆን የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለተኛው ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ነው። ከ1989 ጀምሮ የሚሠራ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው የሚከፈት ትንሽ መኪና። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛው ተሠርቷል። የድሮዎቹ አንድ ቶን ገደማ ናቸው። እንዲህ በብዛት የተሠራ መኪና ዕቃውም የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም። ጣሪያው የሚከፈት ስለሆነ ግን ከተገለበጠ ጭንቅላትን የሚያድን የብረት ቀስት ከኋላ ሳይታሰርለት መስክ ላይ እንዳይገባ አስጠነቀቀው።

አራተኛ፣ ሰው የነካካውን መኪና ፍራ። የሚጮህ ማርሚታና የሚያብረቀርቅ ጎማ የጨመረበት መኪና ባለቤቱ ምን እንዳደረገበት አይታወቅም። ብሎኑን ማን እንዳጠበቀው አታውቅም። ፋብሪካው እንደሠራው ያለ፣ የሰርቪስ ወረቀቱ ያልጠፋ፣ መልኩ ግን ትንሽ የደበዘዘ መኪና ይሻልሃል።

አምስተኛ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድና አስነሳው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀህ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይቃጠላል ማለት ነው። የዘይቱ ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ነገር ካየህ ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ከሥር ግባና ብየዳና ዝገት ፈልግ። የበሩና የኮፈኑ ክፍተት ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ተጋጭቶ ያውቃል። ጎማው በአንድ ጎን ብቻ ካለቀ ከሥር የተጣመመ ነገር አለ።

ስድስተኛው እኔ የገባሁበት ነው። ኻሊ «የጎማውን ቀን አንብብ» አለው። ለካ ጎማ ላይ አራት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመት። 2318 ከተባለ በ2018 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ በተለይ በዚህ ሀገር ፀሐይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ላስቲኩ ይደነድናል። ልጁ ማዝዳውን ለሙከራ ግቢ ይዞት መጣ። 1.8 ሊትር፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር። ሁሉም እዚህ አውቶማቲክ ስለለመደ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ በሩ ላይ አራት ጊዜ ጠፋበት፤ እኔ በመስኮት ሳቅኩ። የጎማዎቹን ቀን አነበበ፣ የሁለቱን አገኘ፣ «ደህና ናቸው» ብሎ ገባ።

እኔ ግን ከወተት እስከ መድኃኒት የቤቱን ዕቃ ሁሉ ቀን የማነብ ሰው ነኝ። ሁለቱን አንብቦ ሁለቱን መተው ሆዴ እሺ አላለውም። ግቢውን ሳጥብ በስልኬ መብራት ከውስጥ በኩል አየሁ። ቁጥሩ ጎማው ላይ በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፍ ይችላል፣ ስለዚህ ወደ ውስጥ ዞሮ ሲገጠም ከውጭ አይታይም። የኋላዎቹ ሁለቱ ከፊተኞቹ በሰባት ዓመት ይበልጡ ነበር። ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። ኻሊ መጥቶ ሲያይ «ይህች ልጅ አዳነችህ» አለው። ሻጩ ከዋጋው ላይ የጎማ ብር ቀነሰ። ለእኔም «ሹክረን» ተባለልኝ።

መኪናው ተገዛ። አዲስ ጎማ፣ አዲስ የፍሬን ዘይት ገባለት። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየጠጣ ይሄዳል፤ ፍሬኑ በተደጋጋሚ ሲያዝ ይግልና ያ ውሃ ይፈላል፣ ፔዳሉ እስከ ታች ይሰምጣል፣ መኪናው አይቆምም። ኻሊ ይህን ሲናገር ፊቱ አይስቅም ነበር። የብረት ቀስቱ ታሰረ፣ ሄልሜት ተገዛ። ከዚያ አንድ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ለማየት ሄደ፤ እኔም ትንንሾቹን እንድይዝ ተወሰድኩ።

እህቶቼ፣ ያን ማታ ያየሁትን ካርቱኑ ውስጥ አላየሁትም። በረሃው ጨለማ ነው፣ መስኩ እንደ ቀን በርቷል። ልጁ በሁለተኛው ዙር አንድ ኩርባ ላይ ፍጥነት አብዝቶ ገባ። መኪናው እንደ እንዝርት ዞረና ከመንገዱ ወጣ። ትንሿ ልጅ ጮኸች፣ ማዳምም እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምንም አልሆነም። ከኩርባው ውጭ ሰፊ ባዶ ቦታ ተነጥፏል፤ መኪናው እዚያ ላይ ተንሸራቶ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩን አስነሳና ተመለሰ። ያን ማታ ሦስት ጊዜ ወጣ። ሦስቴም ማንም አልጮኸበትም። መምህሩ መጥቶ «ለምን ወጣህ?» ብሎ ጠየቀው፣ እሱም አስቦ መለሰ። በአራተኛው ኩርባውን ያለ ስህተት ዞረው።

እኔ እዚያ መቀመጫ ላይ ሆኜ የመጀመሪያ ቤቴን አሰብኩ። ከሀገር በወጣሁ በሦስተኛው ወር አንድ የብርጭቆ ሳህን ሰበርኩ። ከደሞዜ ተቆረጠ። ብሩ አይደለም የጎዳኝ። ከዚያ በኋላ ያልታዘዝኩትን ነገር መንካት ፈራሁ። ሁለት ዓመት እዚያ ቤት ተቀምጬ መጅቡስ መሥራት አልተማርኩም፤ ሩዙ ቢያርብኝስ? ሰዎቹም «ይህች ልጅ አይገባትም» አሉ። አሁን ያለሁበት ቤት ግን አያትየዋ አጠገቤ ቆማ የመጀመሪያውን ድስት አስቃጠለችኝ። «አሁን ለምን እንዳረረ አወቅሽ» አለችኝ። በአራተኛው እንግዳ የሚበላው ወጣልኝ። ያው እኔ ነኝ፤ ጭንቅላቴም አልተቀየረም። የተቀየረው ከመንገድ ስወጣ ምን እንደሚጠብቀኝ ነው፤ ግንብ ወይስ ባዶ ቦታ።

ስለዚህ ካርቱኑ ላይ ያለኝን ትልቁን ነቀፌታ እዚህ ላይ አኖራለሁ። ታኩሚና ጓደኞቹ የሚወዳደሩት ሰው በሚሄድበት የተራራ መንገድ ላይ ነው። ከኩርባው ውጭ ገደል ነው፣ በሌላው መስመር ከገበያ የሚመለስ ሰው ሊመጣ ይችላል። ካርቱኑ ይህን በሙዚቃ አሳምሮ ያልፈዋል። በዚህ አካባቢ ጎረምሶች በአደባባይ መንገድ ላይ መኪና እያንሸራተቱ የሚጫወቱትን ተፍሒጥ የሚባል ነገር ያየ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ያውቃል። መማር የሚፈልግ ሰው ስህተቱ ሌላ ሰው ላይ የማያርፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። መኪናውም ቢጎዳ ቤት የማያፈርስ መሆን አለበት። ኻሊ መጨረሻ ላይ ያለው ይህን ነው፦ «ጥለኸው ወደ ቤት መሄድ የማትችለውን መኪና ይዘህ መስክ አትግባ።» ርካሽ መኪና የሚመረጠው ለዚህ ነው። ድህነት ያምራል ተብሎ አይደለም፣ ካርቱኑ እንደሚመስለው አሮጌ ዕቃ ነፍስ ስላለውም አይደለም። ስህተቱን መክፈል ስለምትችይ ነው።

ካርቱኑ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ እውነት የሆነብኝ ሰው ዋናው ጀግና አይደለም። ጓደኛው ኢትሱኪ ነው። ኢትሱኪ ነዳጅ ማደያ እየሠራ ያጠራቀመውን ይዞ 86 ልገዛ ብሎ ሄዶ 85 ገዝቶ ይመጣል። መልኩ አንድ ዓይነት ነው፣ ሞተሩ ግን 1.5 ሊትር፣ ደካማው ነው። ሁሉም ይስቁበታል። እኔ ግን አልሳቅኩም። በራሱ ላብ የገዛ እሱ ብቻ ነው፤ የሚመክረው ሰው ያልነበረውም እሱ ብቻ ነው። በኋላ ታኩሚ ያንኑ 85 ነድቶለት የሳቁበትን ሰዎች ያልፋል። ደስ ይላል። ግን ኢትሱኪን ሊረዳው የሚገባ ሰው ከመግዛቱ በፊት አብሮት ሄዶ ኮፈኑን የሚከፍትለት ነበር።

ይህን ስል ታናሽ ወንድሜን እያሰብኩ ነው። ደሴ ነው ያለው። ባለፈው ዓመት «ቪትዝ አግኝቻለሁ፣ ዋጋው ጥሩ ነው፣ ሰው ሳይቀድመኝ ብሩን በቶሎ ላኪ» አለኝ። የሦስት ዓመት ብሬ ነበር። ስንቶቻችሁ እንዲህ ተብላችሁ ልካችኋል? ስንቶቻችሁስ ያ መኪና አሁን የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ድሮ ብሆን እልክ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን የኻሊ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ነበር። «ሙሉውን አልክም፣ ሲሶው ለጎማና ለጥገና ይቀራል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሄደህ አስነሳ። ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ ይዘህ ሂድ። ከሥር ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አልኩት። ተቆጣ። «አንቺ ሰው ቤት ሆነሽ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። አሥር ቀን ስልክ አልደወለም። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። በአሥራ አንደኛው ቀን ፎቶ ላከ። ወለሉ ከመሐል የተበየደ ነበር፤ የሁለት መኪና ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም ብሎታል መካኒኩ። ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ጽፏል፦ «ይቅርታ።» ሌላ መኪና እየፈለገ ነው። አሁን ሳልጠይቀው የጎማውን ቁጥር ይልክልኛል።

ስለ ሴቶቹም ሳልናገር አልጨርስም። ካርቱኑ ውስጥ ናትሱኪ የምትባል ልጅ አለች። ባለ መርሴዲስ የሆነ ትልቅ ሰው ገንዘብ እየሰጣት አብራው ትወጣለች። ካርቱኑ የሚጨነቀው ታኩሚ ይህን ሲሰማ ልቡ እንዴት እንደሚሰበር ነው። ለእሷ የሚሆን ጥያቄ ግን ብዙ አይጠይቅም። እኛ ስለ ሴት ልጅ ሲወራ ስንት ጊዜ እንዲህ ተወርቶብናል፤ ወሬው ስለ እሷ ነው፣ ሐዘኑ ግን የሌላ ሰው ነው። በሌላ በኩል ማኮና ሳዩኪ የሚባሉ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷ ትነዳለች፣ ሌላዋ አጠገቧ ተቀምጣ መንገዱን ትነግራታለች። መኪናቸው ሰማያዊ ኒሳን ነው፤ ሲልኤይቲ ይሉታል፣ የአንዱ ሞዴል ገላ ላይ የሌላው ሞዴል ፊት የተገጠመበት። ጃፓን ውስጥ ይህ ነገር የተለመደው ፊቱ የተመታ መኪና ሲጠገን የወንድሙ ፊት ርካሽ ስለነበር ነው። ከወንዶቹ ሁሉ ይልቅ እነሱን ወደድኩ። በየራሱ ጀግና ከሚሆነው ወንድ ሁሉ መሐል ሁለቱ ተነጋግረው ነው የሚነዱት። የሚያሳዝነው ጥቂት ክፍል ብቻ ተሰጥቷቸው ዞር መደረጋቸው ነው። የእነሱ ተከታታይ ቢኖር ካውያዬን አጥፍቼ ተቀምጬ አይ ነበር።

በጥቅሉ «ኢኒሻል ዲ»ን እዩት እላችኋለሁ። የውሃውን ኩባያ እመኑ፣ የኢትሱኪን ሐዘን እመኑ፣ ሁለቱን ሴቶች ውደዱ። «በነጻ የተገኘ መኪና ያለው ድሃ» የሚለውን ግን አትመኑ። ደግሞ አንድ ሰው ጎበዝ ነው ሲባል ሁልጊዜ ጠይቁ፤ ሲሳሳት ማን ከፈለለት? እኛ ስንፈዝ፣ ስንፈራ፣ «አይገባቸውም» ስንባል መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።

ዓርብ ዓርብ ማኅበራችን ውስጥ የሚሰጠው የእንግሊዝኛና የኮምፒውተር ትምህርት ላይ ብዙዎቻችሁ ከኋላ ተቀምጣችሁ አፋችሁን እንደምትይዙ አያለሁ። እኔም ያንን ወንበር አውቀዋለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ የምትሰብሩት ሳህን የለም፣ ከማንም ደሞዝ የሚቆረጥ የለም። ከኩርባው ውጭ ያለው ባዶ ቦታችን ያ ነው። ሦስት ጊዜ ውጡና በአራተኛው ተመለሱ። እኔ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና መጽሐፉን ይዤ እመጣለሁ። አብራኝ የምታነብ ካለች ከፊት ወንበር ላይ ታገኘኛለች።